ከባሕር በታች የተሰማ ሽለላ

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የቆመ ሰው «ሜዳ አየሁ» ሊል ይችላል፤ ግን ወደ ፀሐይ መውጫ ጥቂት መንገድ ከሄደ ምድሩ ከእግሩ ሥር ይቆረጥና የይፋት ቆላ ከታች ይዘረጋለታል። ሆላንድ ውስጥ ሜዳው አይቆረጥም። ከአምስተርዳም ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔ የሚያርፍበት ጉብታ ፈልጎ አጣ። ላም፣ ቦይ፣ ላም፣ ቦይ፣ አልፎ አልፎ የነፋስ ወፍጮ፣ ከዚያ ደግሞ ላም። ይብስ የገረመኝ ከዚህ ምድር ብዙው ከባሕር ወለል በታች መሆኑ ነው። «ፖልደር» ይሉታል፤ በግድብ ከልለው፣ ውኃውን በነፋስ ወፍጮ እየቀዱ አውጥተው ያደረቁት መሬት ነው። እኛ ጓሳ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆመን ደመናን ቁልቁል እናያለን፤ እዚህ ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ በቦዩ የሚያልፈውን ጀልባ ሽቅብ ያያል!

የመጣሁት ግን ወፍጮ ለማየት አይደለም። ዛንዳም የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት የጎተተችኝ። «ዎርመር የሚባል መንደር እዚሁ አጠገባችን አለ፤ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር የተጫወቱት ፈረንጆች ከዚያ አካባቢ ናቸው። ወዳጆቻቸው ስለ አልበሞቻቸው ሲከራከሩ ብትሰማ አገርህን ትረሳለህ» አለችኝ። ሰማኋቸው። አገሬን መርሳቱ ቀርቶ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ አብልጬ አሰብኳት።

ባንዱ «ዘ ኤክስ» ይባላል። የተመሠረተው በ1979 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የሚመደበውም ፖስት ፓንክ ከሚባለው ወገን ነው። አንባቢዬ እንዳይቸገር ላስረዳ። ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፈነዳ የወጣት ቁጣ ነው፤ ጊታር መያዝ የቻለ ሁሉ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚጮህበት። ፖስት ፓንክ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጆቹ ቁጣቸውን ሳይጥሉ ጃዙንም፣ ሬጌውንም፣ የሩቅ አገር ምቱንም እየጨመሩ ሙዚቃውን ከሥሩ ሊቀይሩት ሞከሩ። የእንግሊዞቹ ጆይ ዲቪዥን ከዚሁ ወገን ናቸው። እነሱ ያወጡት አልበም ሁለት ነው፤ የ1979ኙና የ1980ው። ሁለተኛው ገበያ ሳይወጣ ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ ሞተ። ሰው ግን ከሁለቱ የቱ ይበልጣል እያለ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃል። ሁለት አልበም እንዲህ ካከራከረ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሠራና መደርደሪያ የሚሞላ ሸክላ ያወጣ ባንድ ምን ያህል ያከራክር?

ከባንዱ ወዳጆች ጋር የተገናኘነው ዎርመር ውስጥ፣ ከወንዝ ዳር ባለ ጠባብ ቤት ነው። እንዲህ ያሉትን ቤቶች «ብራውን ካፌ» ይሏቸዋል፤ ግድግዳቸው በስንት ዘመን የትምባሆ ጢስ የጠቆረ፣ ወንበራቸው ያረጀ፣ መብራታቸው ደብዛዛ ነው። በዚህስ ከኛ ጋር እንግባባለን፤ ስሙ ቡና ቤት ሆኖ የሚጠጣው ቢራ ነው። ብርጭቆው ትንሽ፣ አረፋው ሁለት ጣት ሙሉ፤ የተረፈውን አረፋ አስተናጋጁ በቢላዋ ጠርጎ ይጥለዋል። የሚበላው ደግሞ «ቢተርባለን» ነው፤ በሥጋ መረቅ ተቦክቶ በዘይት የተጠበሰ ክብ ክብ ነገር፣ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ግን ምላስ የሚልጥ ትኩስ። ማባያው ሰናፍጭ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ፤ የእናቴ ስልጆ አፌ ላይ መጣ።

ጠረጴዛውን የከበቡት አንድ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ሸክላ ሻጭ እና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። ለእኔ ሲሉ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ሲግላቸው ወደ ሆላንድኛ ይሸሻሉ፤ ያኔ የአክስቴ ልጅ በጆሮዬ ታስተረጉማለች። ተማሪው የአያቱ እኩያ የሆኑትን አዛውንት በስማቸው ይጠራቸዋል። «አንተ» ይላቸዋል። «ይኼን እንኳ አታውቅም?» ይላቸዋል! እኔ በእሱ ፋንታ አቀረቀርኩ። አዛውንቱ ግን ፊታቸው በራ፤ የሚሟገታቸው ወጣት ማግኘት እዚህ ክብር ነው መሰለኝ።

ሙግታቸው ሥርዓት አለው፤ አያቶቻችን ርስት ሲከራከሩ በላ ልበልሃ የሚባባሉትን ሙግት ይመስላል። «ደስ ይለኛል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዓመቱን፣ የሸክላውን ገጽ፣ ማን ምን እንደተጫወተ እየጠሩ ማስረዳት ነው። ሁሉም ምስክሩን በከረጢት ይዞ መጥቷል፤ ሸክላው ከነልባሱ ይወጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ላይ ቢራ ከፈሰሰ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ ነው። መወራረጃም አላቸው። የኛዎቹ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ እነዚህ ዓመት የተሳሳተ ሰው ለሁሉም ቢራ ይግዛ ይላሉ። ልብ በሉ፣ እዚህ አገር ሁሉም የሚከፍለው ለራሱ ብቻ ነው። አንዱ ለሌላው ሲከፍል ያየሁት በዚህ ቅጣት ብቻ ነበር፤ እኔ ልክፈል ብዬ ከአስተናጋጁ ጋር ስታገልም የሆንኩት አልገባቸውም።

መጀመሪያ የተናገሩት አዛውንቱ ናቸው። የመረጡት በ1983 የወጣውን «ዲግኒቲ ኦፍ ሌበር»ን ነው፤ የሥራ ክብር እንደማለት። አራት ትንንሽ ሸክላዎች በአንድ ላይ፣ ነገሩ ሁሉ እዚሁ ዎርመር ስለነበረውና ስለተዘጋው የፋን ኸልደር ወረቀት ፋብሪካ። ዕድሜያቸውን በወረቀትና በቀለም መካከል ያሳለፉ ሰው ናቸውና ሲናገሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። ስለ አንድ ፋብሪካ መዘጋት አራት ሸክላ! እኛ ዘንድ ዘፈን የሚወጣለት ጀግና ወይም ቆንጆ ነው፤ የሠራተኛ ማሰናበቻ ደብዳቤ ዘፈን ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ሌሎቹ ግን በአንድ ቃል ጣሉባቸው፤ «አልበም አይደለም»። አዛውንቱ ይግባኝ ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ።

በዚህ መሐል የባንዱን አመጣጥ ሰማሁ። «ዘ ኤክስ» የሚለውን ስም የመረጡት በሚረጭ ቀለም ግድግዳ ላይ ፈጥኖ ስለሚጻፍ ነው። ያደጉበት ዓለም ደግሞ «ክራከን» የሚባለው ነው፤ ባለቤቱ ባዶ የተወውን ቤት ከፍቶ ገብቶ መኖር። ይህ በሕግ የተከለከለው በ2010 ነው። ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ አዎ፣ እስከዚያ ወንጀል አልነበረም። መንዝ ላይ ከስንት ትውልድ በፊት የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ እንኳ «የአያቴ አጥንት ነው» ብሎ ተመልሶ ለርስቱ ይሟገት ነበር፤ እዚህ በሩን ዘግቶ የጠፋ ሰው ሲመለስ ሳሎኑ ውስጥ ባንድ ሲለማመድ ሊያገኝ ይችል ነበር።

ነርሷ ቀጠለች። የእሷ አልበም በ1991 የወጣው «ስክራብሊንግ አት ዘ ሎክ» ነው፤ ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ቶም ኮራ ጋር የሠሩት። ቼሎ ማለት ተቀምጠው በጭን መካከል የሚይዙት ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ግን የኛ መሰንቆ በሚያውቀው መንገድ፣ በደጋን እየተገዘገዘ ነው። አልበሙ ውስጥ አንድ የሀንጋሪ የገጠር ዘፈን አለ፤ ርእሱ «ነፋሱ በብርድ ይነፍሳል» የሚል ነው። የምትዘፍነው ካተሪና ቦርነፌልት የምትባለው ድራመራቸው ናት። ነርሷ ስልኳን ወደ ጆሮዬ አስጠጋችልኝ። ቋንቋውን አላውቅም፣ ሀንጋሪን አላየሁም፤ ግን ያ ነፋስ በታኅሣሥ ሌሊት በሞላሌ መንገድ የሚመጣው ነው። ባና ተከናንቦ በጎቹን በረት ያስገባ ሰው ያውቀዋል። ለነርሷ ይህን ስነግራት አንድ ድምፅ ያገኘች መሰላትና ስሜን ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ገና አልመረጥኩም ብዬ አሰረዝኳት።

ሸክላ ሻጩ «ተርን»ን አቀረበ፤ 2004፣ ባለ ሁለት ዲስክ። የቀዳላቸው የቺካጎው ስቲቭ አልቢኒ ነው፤ የኒርቫናን «ኢን ዩተሮ» የቀዳው። ሻጩ ይህን የሚናገረው እኛ የታቦት ስም በምንጠራበት አኳኋን ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፦ በዚህ አልበም የባንዱ ጆሮ ወደ አፍሪካ ዞሯል፤ ለኮንጎው ኮኖኖ ባንድ የተሰየመ ዜማ ሳይቀር አለበት። ተማሪው ደግሞ በ2018 በወጣው «27 ፓስፖርትስ» ሙጭጭ አለ። ምክንያቱ አጭር ነው፤ ይህን ባንድ እሱ በዓይኑ ያየው በዚያ ዘመን ነው፣ ሦስት ጊታርና አንድ ድራም፣ ቤዝ የሚባል የለም። «እናንተ የምትከራከሩት ስለ ወጣትነታችሁ ነው» አላቸው። አዛውንቱ ከት ብለው ሳቁና ቢራ አዘዙለት፤ ሳይሳሳቱ ከፈሉ ማለት ነው፣ ከላይ የጻፍኩትን ይህ ያሻሽልልኝ።

እኔ እስካሁን አንድ ነገር እየጠበቅኩ ነበር። ማንም አላነሣውም። ስለዚህ ራሴ አነሣሁት፦ «ከጌታቸው ጋር የሠሩትስ? ሞዓ አንበሳስ?»

ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ ሸክላ ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ አይቆጠርም» አለ። ደሜ ፈላ። ግን ቀጠለና ምክንያቱን ሲነግረኝ ቁጣዬ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ልባሱን አውጥቶ አሳየኝ። ላዩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የጌታቸው መኩሪያ ስም ነው፤ ዘ ኤክስ ቀጥሎ፣ እንግዶቹ በመጨረሻ። «የእሱ አልበም ነው፤ እነሱ አጃቢዎቹ ናቸው። የሰው ንብረት ወስደን ከኛ ጋር አንቆጥርም» አለኝ። ባዶ ቤት ገብተው ከኖሩ ሰዎች ወገን ይህን ያህል ለባለቤት ማክበር!

እዚህ ላይ ለአገሬ አንባቢ ጌታቸውን ላስታውስ። የተወለደው በ1935 ይፋት ነው፤ እኛ ከላይ ሆነን የምናየው ያ ቆላ፣ ገብሳችንን ይዘን ወርደን ማሽላ የምንሸምትበት። በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሻገረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ ከዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። የሱ ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ዘማች በአፉ የሚያወጣውን ሽለላ ወስዶ በሳክስፎን ሸለለው። ፈረንጆቹ ሲሰሙት አልበርት አይለርንና ኦርኔት ኮልማንን፣ ማለትም ጃዝን ከልጓሙ የፈቱትን አሜሪካውያን፣ ይጠሩለታል። እሱ ግን ሽለላውን ከነሱ አልተማረም፤ የነሱ ዝና ሳይሰማ በ1950ዎቹ ጀምሮታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሳክስፎኑን ብቻ ያስቀደመ ሙሉ ሸክላ በፊሊፕስ አወጣ፤ ያ ሸክላ በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ በሚታተመው የኢትዮጲክስ ተከታታይ 14ኛ ሆኖ እንደገና ወጣ። መድረክ ላይ ለምድ ደርቦ፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይቆም ነበር።

ዘ ኤክሶች በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው ተጫውተዋል፤ በ2004ም ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጠሩት። መጣ፣ ሰማቸው፣ ከዚያ እሱ ራሱ አጃቢ ባንዴ ሁኑ አላቸው። «ሞዓ አንበሳ» በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጡ። ሰባ ዓመት የሞላው የይፋት ሰው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለማንም አንገዛም ሲሉ የኖሩትን ፓንኮች ከኋላው አሰለፈ።

ነርሷ ከጌታቸው ጋር አምስተርዳም ውስጥ አይታቸዋለች። በሌላ ጊዜም አብዛኛውን ያየቻቸው «ፓራዲሶ» ውስጥ ነው። ያን ቤት በማግሥቱ ሄጄ አየሁት፤ ከ1968 ጀምሮ የሙዚቃ አዳራሽ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን የአንድ የክርስቲያን ማኅበር መሰብሰቢያ ነበር። ረጃጅሞቹ ባለ ቀለም መስኮቶች እንዳሉ ናቸው፤ በምስባኩ ቦታ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ባለማወቅ ጫማዬን ወደማውለቅ እጄ ሄደ። ሌላውን ሁሉ ብለምድ ይኼን አልለመድኩም።

ወደ ሙግቱ ልመለስ። ተራዬ ደረሰና ቆሜ ተናገርኩ፤ ሌሎቹ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፣ እኔ ተቀምጬ መሟገት አልችልም። እንዲህ አልኳቸው፦ ሽለላ ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም። መንዝ ውስጥ ሠርግ ላይ አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ ዙሪያው ያለው ሰው ሥራ አለበት። «በለው!» የሚል ያስፈልጋል፣ እልል የምትል ታስፈልጋለች፣ ዱላውን መሬት የሚመታ ያስፈልጋል። ተቀባይ የሌለው ፉከራ ጎልማሳውን ያዋርደዋል። የፊሊፕሱ ሸክላ ድንቅ ነው፤ ግን ከጌታቸው ኋላ ያሉት ጨዋዎች ናቸው፣ ዝቅ ብለው ይከተሉታል። እሱ ይሸልላል፣ እነሱ ያዳምጣሉ። «ሞዓ አንበሳ» ላይ ግን ጊታሮቹ ይመልሱለታል። ካተሪና የላም ቃጭሏን ስትመታ «በለው!» ብላ ነው። ፈረንሳዊው ዛቪየ ሻርል በክላርኔት፣ ዮስት በይስ በትሮምቦን እየገቡ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣል። ይህን ማን አስተማራቸው? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየመድረኩ ሲጮሁ የተማሩት ይህንኑ ነበር፤ ጎድሏቸው የነበረው ፎካሪው ነው። ስለዚህ የነሱ ትልቁ አልበም ስማቸው በሁለተኛ ደረጃ የተጻፈበት ነው፤ ተቀባይ ሆነው በመቆማቸው አላነሡም፣ አደጉ እንጂ። ይቆጠር!

ነርሷ «ቶም ኮራም እንግዳ ነበር፤ የኔ ሲቆጠር የእሱ ለምን አይቆጠርም?» ብላ ደገፈችኝ፤ ድምጿን ግን ለራሷ አስቀረች። ሸክላ ሻጩ ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አልተቀበለም። አዛውንቱ ግን የሚወጋ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «እናንተ አገር ከጌታቸው አልበሞች የትኛው ይበልጣል ይባላል?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩና ረዳቱ ስለ ቴዲ አፍሮ ሲከራከሩ ብትሰሙ ይኼ የናንተ ሙግት ሹክሹክታ ይሆንባችኋል፤ አንዱ በ2005 የወጣውን «ያስተሰርያል»ን፣ ሌላው በ2012 የወጣውን «ጥቁር ሰው»ን ይዞ እስከ ጣርማ በር ይሟገታል። ስለ ጌታቸው ግን እንዲህ ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም። ቃል የሌለው ሙዚቃ እኛ ዘንድ «ክላሲካል» ተብሎ በሬዲዮ ፕሮግራም መሸጋገሪያ ላይ ይጣላል፤ ዜናው ሲጀምር መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ኤፕሪል 4 ቀን 2016 አዲስ አበባ ውስጥ ያረፈው ሰው ሽለላ ይኸው ከባሕር በታች በሆነ መንደር ጠበቃ ቆሞለታል፣ እዚያ ከፍታው ላይ ግን ለሙግት የሚበቃ ወዳጅ አላገኘም። ይህን ስናገር አፈርኩ ማለት አይገልጸውም፤ ቆጨኝ፣ አሁንም ይቆጨኛል።

የአክስቴ ልጅ ዘዴ አመጣች። መሐል ሜዳ ያለው አጎታችን በወጣትነቱ ያልፎከረበት ሠርግ የለም። ከ«ሞዓ አንበሳ» ላይ ሽለላውን መርጣ በቴሌግራም ላከችለት፤ የማን እንደሆነ አልነገረችውም። ሁለተኛው ቢራ ሳያልቅ የድምፅ መልእክት መጣ፤ ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ልጆቼ፣ ደኅና ናችሁ? ብርዱስ እንዴት ነው? ይኼ ሰውዬ ቃል አያወጣም እንጂ ይፎክራል። ኋላው ያሉትም የሠርግ ሰዎች ናቸው፤ አይቀድሙትም፣ አይተዉትምም። ለመሆኑ ሙሽራው ማን ነው? የፎካሪውስ የፈረስ ስሙ ማን ይባላል?»

ስንተረጉምላቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ወዲያው ግን የፈረስ ስም ምን እንደሆነ ይነገረን አሉ። ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው አልኳቸው። ተማሪው ለባንዱ አባላት ሁሉ የፈረስ ስም ማውጣት ጀመረ። ሸክላ ሻጩ በበኩሉ ልባሱን ደጋግሞ አገላበጠና «አጎትህ ኋላው ያሉትን የሠርግ ሰዎች ናቸው ካሉ፣ አልበሙ የባንዱም ነው ማለታቸው ነው» ብሎ ምርጫው ውስጥ አስገባው። ነርሷ በ«ስክራብሊንግ»ዋ ጸናች። አዛውንቱ ፍርዱ እንዲህ በአንድ ዜማ መሰጠት የለበትም አሉ፤ የ2012ቱም ይላክላቸው፣ እሳቸው ሁለቱን ሰምተው ይፍረዱ። ላክንለት። አጎታችን መለሰ፦ «ነገ ገበያ ነው፤ በግ አወጣለሁ። ስመለስ አዳምጬ እነግራችኋለሁ።»

ሸክላ ሻጩ ይህን በወረቀቱ ላይ ጻፈና ሙግቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ።